ከዲክሲስ ጎበሳ በሰማይ መንገድ

የስድሳ አራት ዓ.ም. የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ጎበሳ ሰው አልነበረባትም ማለት ይቻላል። ክርስቲያኑ ታቦት ሊያነግሥ ወጥቷል፤ እስላሙም ንግሥ ባለበት ገበያ አይጠፋምና ሸቀጡን ተሸክሞ ተከትሏል። አቶ ወልደጻድቅ ብቻ ቁርጥማት ጉልበታቸውን ይዟቸው፣ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ካለው ቤታቸው ቀሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አባይነሽ "ጠበሉን ይዤልዎት እመጣለሁ" ብለው ወጡ። ጠበሉን በብልቃጥ ይዘው ሲመለሱ ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ጭንቅላታቸው ተፈርክሷል። አጠገባቸው ደም የነካው ማረሻ ወድቋል።

ማረሻው የጭሰኛቸው የከሊል ነበር። ከዚህ ወዲያ ማስረጃ የፈለገ ሰው በጎበሳ አልተገኘም። ያን ጊዜ በአርሲ ምድር ትራክተር የቀመሰ ባለርስት ሁሉ ጭሰኛውን እያባረረ ነው፤ "ከሊልንም ተነሣ ብለውት ይሆናል፤ ቂም ይዞ ገደላቸው" ተባለ። ተባለና አለቀ። ማታውኑ ከቤቱ ጎትተው አሰሩት።

የመቶ አለቃ ተክለወልድ ከአሰላ ተልኮ የመጣው ሟቹ በተቀበሩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ምርመራውን ጨርስና ሰውየውን ይዘህ ውረድ። አሰላ የወረደ ነፍሰ ገዳይ ደግሞ መጨረሻው ገመድ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

ተክለወልድ ተጸያፊ ሰው ነው። ሻይ ቤት ገብቶ ብርጭቆውን በመሐረቡ ሳይወለውል ስለማይጠጣ ጓደኞቹ "እመቤቲቱ" እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ግን በፖሊስነት በቆየ ቁጥር ከብርጭቆ ይልቅ የሚያስጸይፈው ሰው ሆኗል። ላንድሮቨሩ ዲክሲስ ላይ ጭቃ ያዘውና ቆመ። እዚያ የሟቹ የእህት ልጅ፣ ባለ ትልቁ እርሻ ፈቃደ፣ በክብር ተቀብሎ አሳደረው፤ ጥሩ ራት አበላው፤ በቅሎም ሰጠው።

"በአውሮፕላኗ እልክህ ነበር" አለው ፈቃደ፣ አረም ማጥፊያ የምትረጨውን ትንሽዬ አውሮፕላኑን በመስኮት እያሳየው። "ሞተሯን አሟታል። እሷም ብትሆን ግማሽ ቀን ታንገላታሃለች።"

ከዲክሲስ ጎበሳ በበቅሎ ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለት ወንዝ ሞልቶ ነበር። ስልኩም ምሰሶው ወድቆ ተቋርጧል። ክረምት ሲገባ ጎበሳ ደሴት ናት የሚሉት እውነታቸውን ነው። ተክለወልድ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ የበቅሎ ላብ እየሸተተው፣ በሰማይም በምድርም ተበሳጭቶ ደረሰ።

ከሊል ጣቢያው ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጧል። የውስጥ እግሩ አብጦ ተተልትሏል።

"ይህን ማን አደረገው?"

የጣቢያው አዛዥ ሃምሳ አለቃ ኃይለየሱስ ሳያፍር መለሰ። "አላምንም ብሎ ነው ጌታዬ። ደግሞ ያሾፍብናል እኮ። ስንይዘው ምን ቢል ጥሩ ነው? 'ጋሼ ወልደጻድቅ ደህና ናቸው ወይ? ጉልበታቸው ተሻላቸው?' አይልም መሰለዎት! ገድሏቸው ሲያበቃ ጤናቸውን ይጠይቃል። ለዚች ለዚች ነው የተገረፈው።"

ተክለወልድ ሃምሳ አለቃውን አስወጣና ከሊል ፊት ቁጢጥ አለ።

"ማረሻህ እሳቸው ደጅ ምን ይሠራል?"

"ዘር ካለቀ በኋላ ሁልጊዜ እዚያ ነው የማኖረው። የኔ ቤት ያፈሳል፤ ዝገት ይበላዋል።"

"ተነሣ ብለውህ ነበር?"

"እሳቸው?" ከሊል ቀና ብሎ አየው። "'እኔ ቆሜ ከሊል መሬት ላይ ትራክተር አይገባም' ያሉ ሰው ናቸው። እሳቸው ከሌሉ እኔም የለሁ፤ ምን ብዬ ልግደላቸው?"

"የዚያን ዕለት ጠዋት የት ነበርክ?"

"በሬ ጠፍቶብኝ ገደል ለገደል ስፈልግ ነበር።"

"ያየህ ሰው አለ?"

"ጉም ነበር ጌታዬ። በዚያ ጉም ማን ማንን ያያል?"

የጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ድስት አቅፋ ቆማለች። የከሊል ሚስት አስያ ናት። ጠዋትና ማታ ምግብ ይዛ ትመጣለች፤ ዘበኞቹ ግማሹን ይበሉባታል። ተክለወልድ ይህንንም አየ።

በማግሥቱ ወደ ሟቹ ቤት ወጣ። ወይዘሮ አባይነሽ ማቅ ለብሰው ተቀምጠዋል።

"ርስቱ ለማን ይደርሳል እሜቴ?"

"ልጅ አልሰጠንም። የእህታቸው ልጅ ፈቃደ አለ። እናቱ ስትሞት ጨቅላ ነበር፤ በዚህ እጄ ነው ያሳደግሁት። ዲክሲስ ላይ ሲያልፍለት ደስታችን ልክ አልነበረውም። በየዓመቱ ለገብርኤል እኛው ጋ ነው የሚውል።"

"ዘንድሮም መጥቶ ነበር አሉ።"

"ምን ያደርጋል፤ ሬሳ ላይ ደረሰ" አሉና እንባቸውን ጠረጉ።

የቤቱ ሠራተኛ ብርቄ የምታውቀው ትንሽ ነገር ነበር። ለሽማግሌው ቁርስ አቅርባ ወደ ንግሡ ስትወርድ ነጎድጓድ ሰምታለች።

"ጉሙ ውስጥ፣ ከላይ፣ አጉረመረመ። ዝናቡ ሳይደርስብኝ ብዬ ስሮጥ ዝም አለ። ጠብ ያለ ነገር የለም።"

"በክረምት ጠዋት ነጎድጓድ አለ እንዴ?"

"የለም እንጂ። የኛ ዝናብ ከቀትር በኋላ ነው። ገብርኤል የተቆጣ መስሎኝ አማተብኩ።"

ከቤቱ ጀርባ፣ ኮረብታው አናት ላይ፣ ለጥምቀት ጉግስ የሚጋለብበት ሜዳ አለ። ተክለወልድ ኃይለየሱስን አስከትሎ እዚያ ወጣ። ከተማው ሥር በጉም ተሸፍኗል፤ ሜዳው ግን ጠሐይ ላይ ነው። ሣሩ ላይ ሁለት የጎማ ዱካ ጎን ለጎን ተጋድሞ ውሃ አቁሯል። በመካከላቸው አንድ ቀጭን መስመር አለ። ዱካውን ተከትሎ ወደ ወዲያ ሄደ፤ ሜዳው መሃል ላይ ጠፋበት። ተመልሶ ወደ ወዲህ ሄደ፤ ይኸኛውም መሃል ላይ ጠፋ። መንገድ ላይ የማይወጣ፣ ከመንገድም ያልመጣ ዱካ በዕድሜው አላየም።

"የጋሪ ነው" አለ ኃይለየሱስ። "ከተማው ውስጥ ጋሪ ያለው አሳምነው ብቻ ነው። ከሊል ከሱ ጋር ተመሳጥሮ ይሆናላ።"

አሳምነውን ጠሩት። ጋሪ ነጂው እየሳቀ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው።

"ጌታዬ፣ ክረምት እኮ ነው። ጎማውን ነቅዬ አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ። ጎንበስ ብለው ይዩ።"

ተክለወልድ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ጎማው መሃል አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ልትነክሰው ቃጣት።

"ከገብርኤል ዋዜማ ጀምራ ከዚያ አልተነሣችም" አለ አሳምነው። "እሷን ይጠይቋት።"

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። ተክለወልድ ልብሱን አራግፎ ወጣ።

የገብርኤል ዕለት ማታ ፈቃደ ያደረው ወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ነበር። ጥሩነሽ የእድሩ ሴቶች አለቃ ናት፤ ወሬ ይጣፍጣታል።

"አውሮፕላኗ ከተማው ሜዳ ላይ ስታርፍ እኛ መርዶውን ሰምተናል። ዋይታው ገና መነሣቱ ነበር። እሱ ግን አያውቅ። ለመንገደኛ ሰው ሬሳ ወድቋል ተብሎ ሜዳ ላይ ይነገራል? ነውር ነው። ሲነጋ በሽማግሌ ይረዳል ብለን፣ ከከተማው ጫፍ ተቀብለን እዚህ አስገባነው። ጠጥቶ በልቶ እንዲያድር።"

"ግማሽ ቀን ሙሉ በሰማይ መጥቶ ደክሞት ይሆናል።"

"እንዴታ። ዲክሲሶች ጎህ ሲቀድ ሲነሣ አይተውታል፤ እኛ ጋ የደረሰው ታቦት ከገባ በኋላ ነው። የሰማይ መንገድ ረጅም ነው።"

ይህን ጎበሳ በሙሉ ያምናል። በዚያች አውሮፕላን ከፈቃደና ከነጂው ሌላ የተሳፈረ የለም። የዲክሲስ ሰው ስትነሣ ያያል፤ የጎበሳ ሰው ስታርፍ ያያል። ሁለቱን አገናኝቶ የቆጠረ ማንም አልነበረም። ተክለወልድም ቢሆን አውሮፕላንን የሚያውቀው አንገቱን አቅንቶ ነው።

"አጎቱን ሲያጣ ምን አላችሁት?"

"ጭንቃችን እሱ አልነበር? ጋሼ ወልደጻድቅ ሁልጊዜ በበቅሎ ሜዳው ድረስ ወርደው ነው የሚቀበሉት። 'የት አሉ?' ሲለን 'ጉልበታቸውን አሟቸው ነው' ልንል ተማክረን ነበር። እግዜር አወጣን። ሳይጠይቀን ቀረ።"

"ጭራሽ?"

"ጭራሽ። ስለ ገብሱ ጠየቀ፤ ስለ ከብቱ ጠየቀ፤ የኔን ወገብ ሳይቀር ጠየቀ። ስለሳቸው ግን ትንፍሽ አላለም። ከውሸት አዳነን፤ ጨዋ ልጅ ነው።"

ተክለወልድ ከዚያ ቤት ሲወጣ አንድ ነገር እንደ ፀጉር ጉሮሮው ላይ ቀረበት። አንድ ሰው የአጎቱን ከብት ጤና ጠይቆ አጎቱን ይዘላል? ግን ምን ያደርጋል፤ ሰውየው ግማሽ ቀን ሰማይ ላይ ነበር። ወልደጻድቅ ሲሞቱ ምድር ያልረገጠ ሰው እንዴት ብሎ ይጠረጠራል?

አለቆቹ የሰጡት ቀን ሊያልቅ ነው። ተጨማሪ ጊዜ ለመጠየቅ ስልክ ያለበት ዲክሲስ መሄድ አለበት። በዚያው ሰሞን አውሮፕላኗ ለአርባው መደገሻ ስኳር ጭና ጎበሳ መጣች። ነጂዋ ሙሴ ማኖሊ የሚባል ግሪክ ነው፤ ሁልጊዜ የጠጣ የሚመስል ፊት አለው።

"ባዶ ነው የምመለሰው" አለው ማኖሊ። "ከፈለግህ ውጣ።"

ሊሳፈር ሲል አስያ ከጣቢያው በር ተነሥታ እየሮጠች መጣች። ለባሏ ካመጣችው ድስት ውስጥ የተቀቀለ ድንች አውጥታ በጨርቅ ጠቅልላ ዘረጋችለት።

"ይያዙት ጌታዬ። መንገዱ ረጅም ነው አሉ። ሰማይ ላይ ምግብ የለም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ከሊል እኮ አልገደለም።"

ጨርቁ ጥላሸት የነካው ነው። ተክለወልድ እምቢ ለማለት አፈረና ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ሲደርስ ሊጥለው።

ከነጂው ኋላ ባለችው ጠባብ ወንበር ተቀምጦ አይኑን ጨፈነ። ማኖሊ እያፏጨ ሲጋራ ያጨሳል። ተክለወልድ አይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያውን ወንዝ አልፈዋል። ጭቃውን፣ በቅሎዋ የወደቀችበትን ዳገት፣ ያደረበትን ጎጆ አንድ በአንድ ለየው። ለግማሽ ቀን ራሱን አዘጋጅቶ እንደገና ሊጨፍን ሲል አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ደፋች፤ መሬት መታች፤ እየተንገጫገጨች ቆመች።

"ምን ሆነች?"

"ምን ትሆናለች? ደረስን።"

"የት?"

"ዲክሲስ ነዋ።"

ተክለወልድ ጎኑን አንድ ነገር አቃጠለው። እጁን ኪሱ ውስጥ ሰደደ። ድንቹ ነው። አወጣና ጨርቁን ፈታው፤ ገና ይጨሳል። በመዳፉ ላይ ገለባበጠው።

"ሙሴ ማኖሊ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"በአየር ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ነፋስ ካለ አንድ ሲጋራ ይጨምራል።"

"የገብርኤል ዕለት ነፋስ ነበር?"

"የለም፤ ጉም ብቻ።"

"ታዲያ ጎህ ሲቀድ ተነሥታችሁ እስከ ቀትር የት ዋላችሁ?"

ማኖሊ ትከሻውን ነቀነቀ። "መጀመሪያ አጎትየው ቤት ጀርባ አረፍን፤ ኮረብታው ላይ። ከጉሙ በላይ ነው፣ ጥሩ ሜዳ። ፈቃደ 'ስሜው ልምጣ' አለ። እኔ ተኛሁ። ሲመጣ ቀሰቀሰኝ፤ ሸሚዝ ለወጠ። ከዚያ 'የዋቤን ገደል አሳየኝ' አለ። ስንዞር፣ ስንዞር፣ ነዳጅ ስናቃጥል ቆይተን ከተማው ሜዳ ላይ አወረድኩት።"

"ሽማግሌው መገደላቸውን አልሰማህም?"

"ማታውኑ ሰማሁ።"

"ሰው ታስሮ ሲገረፍስ?"

"እሱንም ሰማሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለ ማኖሊ፣ በእውነት ገርሞት። "እኔ ሹፌር ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም።"

ተክለወልድ መሬት ላይ ተፋ። ጎበሳ ውስጥ ሐሰት የተናገረ ሰው የለም፤ ሁሉም ያየውን ነው ያወራው። አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ግን ሁሉም ቆሞ አይቷል። ከእነሱ ጋር ራሱንም ቆጠረ፤ ይህን ሰው ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት እሱ ነው።

ፈቃደ ምሳ ሊቀርብለት እጁን እየታጠበ ነበር። ሲያየው ፊቱ በራ።

"መቶ አለቃ፣ እንኳን በደህና መጣህ። በቅሎዋ አልደከመችብህም?"

"በአውሮፕላን ነው የመጣሁት።"

የፈቃደ እጅ ውሃው ሥር ቆመ። ተክለወልድ ጠረጴዛው ላይ ድንቹን አስቀምጦ በጣቱ ገመሰው። እንፋሎቱ ወጣ።

"ጎበሳ ነው የተቀቀለው። ዛሬ።"

"ነፋሱ እኮ አንዳንድ ቀን..."

"ነፋሱን ማኖሊን ጠይቄዋለሁ። ሸሚዙንም። የጎማህ ዱካ ጉግስ ሜዳው ላይ እስካሁን ውሃ ይዞ ተኝቷል።"

ፈቃደ ፎጣ አነሣና እጁን አደራረቀ፤ ጣት በጣት፣ ቀስ እያለ። አልሮጠም፤ አልጮኸም። ለተክለወልድ ሰውየው ቢጮህ ይሻለው ነበር።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አለ ተክለወልድ። "ስታርፍ አጎትህ አልነበሩም። ከብቱን ጠየቅክ፤ የጥሩነሽን ወገብ ጠየቅክ። እሳቸውን ለምን አልጠየቅክም?"

ፈቃደ አሰበ። ከገበያ ጨው ሳይገዛ እንደ ተመለሰ ሰው ግንባሩን አሸት አደረገ።

"መጠየቅ ነበረብኝ አይደል?" አለ። "ረሳሁት።"

ፎጣውን አጥፎ ወንበር ላይ ሰቀለው።

"ስማኝ" አለ ፈቃደ፣ ሰው እንደሚያማክር። "መሬቱ ዞሮ ዞሮ የኔ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ሦስት ዓመት ለመንኳቸው፤ ለአንድ ከሊል ብለው ያን ሁሉ ሜዳ በበሬ ያሳርሱታል። አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ከሊል ዛሬ ባይሞት ነገ በረሃብ ይሞታል፤ ምን ልዩነት አለው?"

ተክለወልድ ሰንሰለቱን አውጥቶ አሰረው። ከዲክሲስ ጣቢያ ይዞት ለመጣው ዘበኛ አስረከበና ከቤቱ ጀርባ ሄዶ አስታወከ። ከዚያ ሰው ቤት የበላው ራት ከወጣ ሰንብቷል፤ ሆዱ ግን አላመነም።

ፈቃደ አሰላ ወርዶ ታሰረ። ንጹሑን ሰው ለማሰር አንድ ማታ የበቃቸው ሰዎች ለማስፈታት ሳምንታት ፈጀባቸው፤ ይፈርማል የተባለው ሹም ለፍልሰታ ሱባዔ ገብቷል፣ ሱባዔ ሲወጣ ደግሞ አሞታል። ተክለወልድ ትእዛዙን ራሱ ይዞ እንደገና በበቅሎ ጎበሳ የገባው የአቶ ወልደጻድቅ አርባ በሚወጣበት ዕለት ነው።

"ሃምሳ አለቃ፣ ውሃ አሙቅ።"

"ለሚታጠቡት ነው ጌታዬ?"

"አንተ ነህ የምታጥበው። የከሊልን እግር።"

ኃይለየሱስ የሚቀልድ መስሎት ሊስቅ ቃጣው። የመቶ አለቃውን ፊት ሲያይ ውሃውን አሞቀ። ከሊል እግሩን እየሰበሰበ "ተዉ ጌታዬ፣ ተዉ" ይላል። አስያ በሩ ላይ ቆማ ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች።

"ነጻ ነህ" አለው ተክለወልድ። "ወደ ቤትህ ሂድ።"

ከሊል ተነሣ። እንደ ሕፃን ግድግዳ ይዞ ቆመ።

"ቤት ኋላ ይደረሳል ጌታዬ። መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ልውጣ።"

"ምን ልታደርግ?"

"ለቅሶ አልደረስኩማ።"

ዳገቱን በምርኩዝ ወጣው፤ አስያ በአንድ ጎን፣ ተክለወልድ ከኋላ። ዳሱ ውስጥ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሰው ሊበላ ተቀምጧል። ጥሩነሽ እንጀራ ታድላለች። አሳምነው አለ። ከሊል ገደለ ያለው ሁሉ አለ። ከሊል በሩ ላይ ሲቆም ጉርሻው በየእጁ ቀረ። ገባ በል ያለው የለም።

ወይዘሮ አባይነሽ ከማቁ ውስጥ ቀና አሉ። ባላቸውን ከቀበሩ አርባ ቀናቸው ነው፤ ያሳደጉትን ልጅ ነገር የሰሙት ደግሞ በቅርቡ ነው። ፊታቸው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

ከሊል ምርኩዙን ለአስያ ሰጠና እጅ ነሣ።

"እግዜር ያጥናዎት እሜቴ" አለ። "ሳልጠይቅዎት ቀረሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ ታስሬ ነው።"

ጥሩነሽ የያዘችውን እንጀራ መሶቡ ላይ መልሳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ወይዘሮ አባይነሽ መደቡን በእጃቸው ዳበሱና ከጎናቸው ጠጋ አሉለት።